፵፩

ከዓራድ ከተማ ዳር፣ ቁልቁል ጨው ባሕሩን እያየ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሰው በርሜል ሲያንኳኳ ቆየ።
ያ ሰው እኔ ነኝ፤
ሙያህ ምን ነበር ብሎ እስከ ዛሬ ሰው ባይጠይቀኝ።

ጣትህን አጥፈህ የእንጨቱን ሆድ ከላይ ትመታለህ፣
«ቦ» ካለህ አየር ነው፣ ወደ ታች ትወርዳለህ፤
«ዱም» ያለበት ላይ ውስኪው አለ፣
በጠመኔ ታሰምራለህ፦ ዘንድሮ እዚህ ዋለ።

ስኮትላንድ ብርድ ነው አሉ፤ በርሜሉ ደጁን ዘግቶ ይተኛል፣
መልአኩም ድርሻዬን ብሎ ሲመጣ፣ ሁለት ጉንጭ ቀምሶ ይሸኛል።
የእኛውን ግን በረሃ ነው ያሳደገው፣
ጠማኝ ሲል የምሩን ነው፤
ሐምሌና ነሐሴ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲግል፣
ጠብታ መሬት ሳይነካ፣ ውታፍ ሳይነቀል፣
ከመቶ አሥር እጁን ጨልጦ ሲሄድ
ሄርሽኮ ይቆጣል፣ በሩማንኛ፣ ሽቅብ ወደ ጣሪያው፣ እንደ ዘመድ።

አንድ ቀን ከአርባ አንደኛው በቀጭን ቱቦ ስቦ፣
«ጀምበሬ፣ እጅህን ዘርጋ» አለኝ፤ ጠብ አደረገልኝ፣ ቆጥቦ።
መዳፌን ከመዳፌ አሸሁ፣ አፍንጫዬ ላይ ከደንኩ፤
ዝናብ የመታው የገብስ አውድማ፣ የተላጠ ብርቱካን፣ ጨው፣
ሌላም ነገር፣ ስሙን ለመጥራት ያልደፈርኩ።
ሳልጠጣው፣ እጄን ሳልታጠብ አደርኩ።

ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ፦
የቦካ ገብስ ከአይሁድ ቤት ይውጣ!
ስልሳ በርሜል ተሸክሞ የት ይሄዳል ሰው?
ራቢው ውል ይጽፋል፣ ሄርሽኮ ይሸጣል፣ ገዢው ሰልማን ነው፤
ሰልማን የክሴይፋው፣ ባለ ስድስት ግመል፣ ጠብታ የማይቀምስ፣
በአንድ ሸቅል ቀብድ ቁልፉን ተቀብሎ እየሳቀ የሚመለስ።
«ሰባት ቀን ጌታችሁ ነኝ» ይለኛል፣ «መላእክቱን ንገራቸው፣
የሰልማንን ሲጠጡ ሒሳብ አለባቸው!»

አንድ ዓመት፣ በፋሲካው አምስተኛ ቀን፣ ከሰዓት፣
ሄርሽኮ ወንበሩ ላይ ዐረፈ፣ ያለ ብርጭቆ፣ ያለ ስንብት።
ልጆቹ ከሃይፋ መጡ፣ ባንክ መጣ፣ ጠበቃ መጣ፣
«በርሜሉ የማን ነው?» ተባለ፣ ከበርሜሉ የበዛ ወረቀት ወጣ።
ሰልማን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣
«የሙት አደራ አይበላም» አለ፤ ሸቅሉንም ሳይጠይቅ ፒክአፑን አዞረ።

የመዳቡን ጋን በኪሎ ሸጡት።
ባዶ በርሜሎቹን ለሁለት ሰንጥቀው አበባ ተከሉበት።
እኔን የትምህርት ቤት በር ወሰደኝ፣
የልጆች ቦርሳ ስከፍት ስዘጋ የሚያመሸኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ኦሽሪት ስልኳን አሳየችኝ፤
የቴል አቪቭ ጫረታ። አንድ ጠርሙስ። ዋጋውን ሁለቴ አነበበችልኝ፤
የዓመት ደመወዜ፣ ከነትርፍ ሰዓቱ።
«ከተዘጋው ቤት የመጨረሻው በርሜል፣ ነጠላ ብቅል» ይላል ጽሑፉ፣
በመለያው ላይ አንድ ምልክት፣ በወርቅ ቀለም የጻፉ፦
፵፩።
ከሥሩም፦ «የጥንት በርሜል ሠሪ ማኅተም፣ ፍቺው ያልታወቀ።»

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። የዕብራይስጡ ፊደል እየተምታታብኝ፣
ከአባቴ ኦሪት ኅዳግ የለቀምኩት ቁጥር ታወሰኝ፤
ጻፍኩት። ጠመኔ ነው ጥንቱ፣
ከማዕዘኑ ሱቅ የተገዛ፣ ሳንቲም ነው ሀብቱ።
ኦሽሪት «ምንድን ነው፣ አባ?» አለች። እሷም አታነበው።
ነገርኳት። «ጻፍላቸው! የእኔ ነው በላቸው!»
ምኑ ነው የእኔ? ማሰመሩ? ማንኳኳቱ?
የስልኩን መስታወት በጣቴ መታሁት፤ አይመልስም እሱ።

ለሰልማን ደወልኩ። ዋጋውን ነገርኩት፤ ዝም አለ።
ከሁለት መቶው ሊትር ሀያ ሰባቱ ብቻ እንደተረፈ፣
ሌላው በዓራድ ሰማይ ተኖ እንዳለፈ።
«መቶ ሰባ ሦስት ሊትር!» አለ፣ እያሳለ፣ እየሳቀ፣
«በዚህ ዋጋ ብታሰላው… ተዋቸው፣ አሁን ማን ያገኛቸዋል?
የእኔን ሰባት ሰባት ቀን ግን ለይተህ ጻፍልኝ፣
በዚያች በጠመኔህ።»